«ያልቀበርኳትን እናት አልወርስም» ላልሽው መልስ

ሐይቅ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ኢቲሳም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ስል ሰዓዳ ከኋላዬ ቆማ «መጀመሪያ ቦቂት መውለዷን ጻፍ» አለችኝ። ቦቂት ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ሀሚዱም ደህና ነው፤ ከላሚቱ ቀጥሎ በመጻፉ ግን ቅር ብሎታል። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ባጃጄን እየነዳሁ አለሁ።

ለምን በስልክ አልነገራችሁኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክማ ሞከርነው። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ሰዓዳ ታለቅሳለች፣ ሀሚዱ ጂዳ ሩቅ ስለሆነች መጮህ ያለበት ይመስለዋል፣ እኔ መሃል ላይ ስልኩን ይዤ እቆማለሁ። ከዚያ እመቤትሽ ትጠራሻለች፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። አሁን መስኡዳ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ጂዳ ልትመለስ ነው፤ ይኸን ደብዳቤ እሷ ታደርስልኛለች። ማንም ሳያቋርጠኝ ልንገርሽ ብዬ ወረቀት ያዝኩ።

መጨረሻ ስንነጋገር «ያልቀበርኳትን እናት አልወርስም፤ የኔን ድርሻ ተካፈሉት» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ይኸ ደብዳቤ የሱ መልስ ነው። መልሱ ግን ረዘም ይላል፤ ከእማ የመጀመሪያ ሞት ነው የሚጀምረው።

ያን ቀን ግማሹን በስልክ ሰምተሽዋል፣ ግማሹን ግን አታውቂውም። አገሩ ሁሉ አውፍ፣ ይቅር የሚባባልበት ጊዜ ነበር። በሬዲዮ ጧት ማታ እርቅ ነው። የታሰረው ተፈታ፣ በስደት የከረመው ገባ፣ ስንት ዓመት የተኳረፈው ተቃቀፈ። እማ ይኸን ስትሰማ ሰንብታ ሀሚዱን ከሱቁ፣ ሰዓዳን ከውጫሌ፣ እኔን ከባጃጅ ተራ አስጠራችን።

«አገሩ ተጣልቶ ነው የታረቀው። እናንተ ግን ከመጣላታችሁ በፊት ታረቁልኝ» አለች።

በምን እንደምንጣላ ጠየቅናት። በውርስ አለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ዝም ያልነው እሷ ስላለች እንደሆነ፣ እሷ ስትሄድ ግን ምን እንደምንሆን በዓይኗ ሳታይ መሞት እንደማትፈልግ ነገረችን። ለካ ጨርሳዋለች፤ ሸህ ሐሰንንና ጎረቤታችንን አያ አራጋውን ጠርታ፣ አልጋዋን ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር አውጥታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመጡ በኋላ አልጋው ላይ ተጋደመች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችና «በሉ እኔ ሞቻለሁ፤ ጀምሩ» አለች።

ሀሚዱ «እማ፣ አስታግፊሪ» ብሎ አለቀሰ። ሸህ ሐሰን ለወራሽ ኑዛዜ እንደሌለ፣ ልምምድ ግን የተከለከለ መሆኑን የትም እንዳላነበቡ ተናገሩ። ተጀመረ። የአባታችን የስፌት መኪና ለሀሚዱ ይሁን ተባለ፣ ልብስ ሰፊ እሱ ነውና። ቦቂት ለሰዓዳ ተባለች። እማ ዓይኗን ሳትገልጥ «በመስክ ሣር ነው የለመደችው፤ ደረቅ ገፈራ ብቻ ብትሰጫት ትነጥፍብሻለች» አለች። ለእኔ ሬዲዮኑ ደረሰኝ። እማ «ድምፁን ከፍ አታድርገው» አለች። እንዲህ እያለች በያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስትናገር ሸህ ሐሰን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ዋሲላ፣ ወይ ሙቺ፣ ወይ ተናገሪ!»

አያ አራጋው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አንቺ የደወልሽው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። «እማን አቅርብልኝ» አልሽኝ፤ እኔም ልቤ ክፍፍሉ ላይ ስለነበር «እማ ሞታለች» አልኩሽ። ጩኸትሽ አያ አራጋው የተቀመጡበት ድረስ ተሰማ። እማ ከሞት ተነስታ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አለሁ፣ አለሁ ልጄ፣ ለውርሱ ብዬ ነው» ስትልሽ አንቺ መሳቅሽንም ማልቀስሽንም መለየት አልቻልንም ነበር። ያኔም ምንም አልፈልግም ብለሻት ነበር። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረችና ጫፍ ላይ ያለችው ክፍል፣ አባታችን ሐይቁን እያየ የሚሰግድባት፣ ያንቺ እንድትሆን፣ የጌጥ ሳጥኗም ከነአንገት ድሪው ለአንቺ እንዲቀመጥ አዘዘች። «እሷ አልፈልግም ያለችው ስለራቀች ነው» አለች።

የሐይቁን ዳር ማሳ በጋራ ተውነው። ማንም አልተጣላም። እማ በጣም ቅር ያላት ይመስል ነበር፤ ብዙ ተዘጋጅታ ነበርና።

ከዚያ ያው እንደሰማሽው አገሩ ተገለበጠ። ታርቋል የተባለው ሁሉ ተጣላ። ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲወርድ ሰዓዳ ልጆቿን ይዛ እኛ ዘንድ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የሐይቅም ተራ ደረሰ። ሰው በአንድ ጧት ወጣ። እኛም ከሐይቁ ማዶ፣ ከተራራው ላይ ወዳለው የእማ ዘመዶች ለመሄድ ተስማማንና በግርግሩ መሃል ተለያየን። ማን ምን ይዞ እንደወጣ ማንም አላየም። እኔ እማንና የሰዓዳን ልጆች በባጃጅ ጭኜ መንገዱ እስካለ ነዳሁ። ነዳጁ ሲያልቅ ባጃጇን በማሽላ አገዳ ሸፍኜ፣ ዕቃውን ተሸክሜ፣ እማን ደግፌ በእግር ወጣን።

ዘመዶቻችን ቤት ቁጭ ብለን ሰዓዳ ስትደርስ አየናት፤ ጀርባዋ ላይ ትልቅ ነገር በነጠላ አዝላለች። ላብ በላብ ሆናለች፤ ደግሞ ተቆጥታለች። መንገድ ላይ ያገኘቻት ሴት ሁሉ «ኧረ ልጁን አየር አስነኪው» እያለች እንዳሰለቸቻት ነገረችን። አንዷ አሮጊትማ አስቁማ፣ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ለሕፃኑ ውሃ ልትሰጥ ስትል ብረት አይታ ዝም ብላ ሸፈነችላት አሉ። ያዘለችው የሀሚዱን የስፌት መኪና ነበር። ገበታውን ትታ ጭንቅላቱን ፈትታ።

«የኔ ላምማ ቀረች» ብላ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እያለቀሰች ሳለ ከታች ጩኸት ተሰማ። ሀሚዱ ነው። ሀሚዱን ታውቂዋለሽ፣ መርፌ እንጂ ቀንድ ያለው ነገር ነክቶ አያውቅም። ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ቦቂት ከፊት እየሄደች እሱን እየጎተተችው ዳገቱን ወጡ። ጫማው አንዱ የለም። ሰዓዳን ሲያያት ያለው የመጀመሪያው ቃል «ላምሽን እንኪ፤ ነክሳኛለች» ነበር። ላም ትናከሳለች እንዴ ብለን ብንጠይቀው እስካሁን ነክሳኛለች እንዳለ ነው።

ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን አየ። እማ «የየራሳችሁን ይዛችሁ ብትወጡ ምን ነበረ?» ስትላቸው ሀሚዱ እንዲህ አላት፦

«የኔ ቢጠፋ እችለዋለሁ፣ እማ። የሷ ከጠፋ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ትነግረኛለች።»

ሰዓዳም ያሰበችው ይኸንኑ ነበር። እኔስ ምን ይዤ የወጣሁ ይመስልሻል? ያንቺን ሳጥን ነዋ። ሬዲዮኔን ማን ያዘው ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልያዘውም። እማ «አንተ ባጃጅ አለህ ብለን ነው» አለችኝ። ባጃጄ ያን ጊዜ አገዳ ለብሳ ተኝታለች። ወላሂ ኢቲሳም፣ በዚያ በጨነቀ ቀን እንደዚያ ስቀን አናውቅም። የቤቱ ባለቤቶች ሲያዩን፣ ሐይቅ ሰላም ሆኖ ለጥየቃ የመጣን ሳይመስላቸው አልቀረም።

ተመልሰን ስንገባ ቤቱ ባዶ ነበር። ምንጣፍ የለ፣ ድስት የለ፣ የመስኮት መጋረጃ እንኳ የለ። ሬዲዮኔ ብቻ እዚያው መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብላለች። ሰዓዳ ዘራፊም የናቀው ውርስ ብላ እስከዛሬ ትስቅብኛለች። ግን አንድ ያልነገርንሽ ነገር አለ። ከጫፉ ክፍል አጠገብ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ክፍሏ ሙሉ በሙሉ ፈርሳለች። እማ ፍርስራሹ ፊት ቆማ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ለኢቲሳም እንዳትነግሯት ብላ አስማለችን። አሁን የነገርኩሽ ሸህ ሐሰንን ጠይቄ፣ የመሐላውን ማካካሻ ጾሜ ነው። ሀሚዱ ጾሙን አብሮኝ ጀምሮ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ አቋረጠ።

እማ ዒዱን አብራን ዋለች። ከዚያ በሳምንቱ ሱብሂን ሰግዳ ጋደም እንዳለች በዚያው ሄደች። አላህ ጀነት ይስጣት፣ ምንም አልተሠቃየችም። እኔ ነኝ የደወልኩልሽ። ሞታለች ስልሽ ያልሽውን ታስታውሻለሽ? «ዛሬም ለውርሱ ነው?» አልሽኝ። ሳቅሽም። እኔ ስልኩን ለሀሚዱ ሰጠሁት። ሀሚዱ ያን ቀን በስልክ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነው ያወራሽ። ያኔ ነው ያመንሽው።

በጥቅምት፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ለእውነተኛው ክፍፍል ተሰበሰብን። አያ አራጋው የማሽላቸውን ወፍ ጥበቃ ለባለቤታቸው ትተው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሸህ ሐሰንም መጡ። እኛ ደግሞ ያልሽውን ነገርናቸው፤ ያልቀበረ አይወርስም ብላለች አልናቸው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሰዓዳ ናት። ብድግ አለች።

«እኔስ ቀበርኳት እንዴ? ወንዶቹ መካነ መቃብር ሲወርዱ እኔ እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ሴት አትወርድ ተብሎ። እንግዲያ እኔም ከውርሱ ልውጣ?»

ሁላችንም አሰብንበትና ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘነው። ሸህ ሐሰን ጢማቸውን እየነካኩ «ይኸ ውርስ በአካፋ አይደለም። በደም ነው። ለልጅቷ እንዲህ ብላችሁ ንገሯት» አሉን። ነገርኩሽ። ደግሞ ሀሚዱ አልነገርሽም እንጂ፣ ሰው ሦስት ሦስት እፍኝ አፈር ሲጨምር እሱ አልፎ ሌላ ጨመረ። የቀብሩ ሰው የተሳሳተ መስሎት ሲያየው «ይኸ ጂዳ ላለችው ነው» አለው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ከዚያ ሸህ ሐሰን ሒሳቡን አስቀመጡ። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። እኔና ሀሚዱ እኩል ይሁን አልን። ሸህ ሐሰን የአላህን ሒሳብ እኛ እንደማናርም፣ መጀመሪያ የየድርሻችንን እንድንቀበል፣ የራሳችን ከሆነ በኋላ ለፈለግነው ብንሰጥ ግን ማንም እንደማይከለክለን ነገሩን። ተቀበልን። ተቀብለንም ሳንነሳ፣ እኩል እንዲሆን ለእናንተ እዚያው ሰጠን። ሰዓዳ ደግሞ እሷ ባል አላት፣ አንቺ ግን በሰው አገር ነሽ ብላ ከደረሳት ላይ ቆርሳ ወደ አንቺ ጨመረች። ሀሚዱ ሰዓዳ ከሰጠችማ እኔም ብሎ ጨመረ። ሰዓዳ በእልህ ሌላ ጨመረች። የሐይቁ ዳር ማሳ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሸህ ሐሰን አስቆሟቸው፤ የቀረውም ሰው መብላት አለበት አሏቸው።

አያ አራጋው ግን ተቆጥተው ነበር። «እኔ ወፉን ትቼ የመጣሁት ላስታርቅ ነው። የተጣላ ሰው የታለ?» አሉ። ምሳ አብልተን፣ ይቅርታ ጠይቀን ሸኘናቸው።

ያንቺ ክፍል ስለፈረሰች ኪሳራው የሁላችን ነው፣ ሁላችንም እንሥራት ብለን ተስማማን። አንቺ አልፈልግም ብትዪም። ምክንያቱን ሰዓዳ ናት የተናገረችው፤ «እዚህ የሷ የምትለው ግድግዳ ከሌለ ምን ብላ ትመጣለች? እንግዳ ሆና?» አለች። ሀሚዱ ተነስቶ ድንጋይ ማንሳት ጀመረ።

ግንበኛ አመጣን። ድሮ ክፍሏ የምትከፈተው ከሳሎኑ ነበር፤ ባለቤት ያላት ክፍል ናትና የራሷ በር ይኑራት ብለን ያንን ዘጋነው። ግድግዳው ወጣ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ግንበኛው «በሩን በየት ላውጣ?» አለ። እንግዲህ ፍጅቱ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሀሚዱ ወደ መንገዱ አለ። ስትመጪ ሱቅ ትከፍቺባታለሽ፣ ሰው ከሚኒባስ ወርዶ በቀጥታ ይገባል አለ። ሰዓዳ ጭራሽ አይሆንም አለች። «ይኸን ሁሉ ዓመት የሰው ማድቤት ግድግዳ እያየች ኖራለች። ጧት ተነስታ በሯን ስትከፍት ውሃ ትይ» አለች። ወደ ሐይቁ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ወደ ግቢው አልኩ። በመንገዱም በሐይቁም በኩል ከወጣሽ መቼ እንደገባሽ መቼ እንደወጣሽ አናይሽም፤ ወደ ግቢው ከሆነ ግን ሁሌም እናይሻለን። ሀሚዱ ይኸ ስለላ ነው አለኝ። ሰዓዳ ሀሚዱን እህትህን የሱቅ ዘበኛ ልታደርጋት ነው አለችው። ሀሚዱ ሰዓዳን አንቺ ውጫሌ ነው ያለሽ፣ ከሐይቁ የሚነሳውን ብርድ የምትችለው እሷ ናት አላት። ጩኸቱ ጎረቤት ተሰማ። እማ ቢያንስ ይኸን ሳታይ መሄዷ አሳዘነኝ፤ ስንት ጊዜ ጠብቃው ነበር።

አያ አራጋው በሩጫ መጡ። ጫማቸውን እንኳ በትክክል አላደረጉም። ፊታቸው በርቶ «አሁን ሆነ» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሦስታችንንም አንድ በአንድ ሰሙ፤ ረጅም ጊዜ ወሰዱ፤ ወፉን ማን እንደሚጠብቅላቸው ማንም አልጠየቃቸውም። በመጨረሻ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ፈረዱ።

«በር የባለቤት ነው። እሷ መጥታ በእጇ ታሳያለች። እስከዚያ ማንም ግድግዳውን እንዳይነካ።»

ግንበኛው ያን ጊዜ ውስጥ ነበር። በመስኮቱ ወጣ። ብዙ ሰው እንዳየ፣ መግቢያ የሌለው ቤት የሚያሠራ ቤተሰብ ግን አይቶ እንደማያውቅ እየማለ ሄደ።

እንግዲህ ኢቲሳም፣ ድርሻሽ ይኸ ነው። ከማሳውም ድርሻሽ ተለክቶ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተተክሏል፤ ሀሚዱ ያሳርሰዋል፣ ምርቱ ያንቺ ነው። ክፍሏ ግን ቆማለች፣ ጣሪያ አላት፣ በር የላትም። የበሩን ሳንቃ ሀሚዱ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል፤ የት እንደሚገጠም በስልክ ብትነግሪን አንቀበልም። አያ አራጋውም በስልክ የመጣ ፍርድ አይጸናም ብለዋል፤ ይኸን በተለይ ጻፍልኝ አሉኝ። ኮንትራትሽ መቼ እንደሚያልቅ፣ እመቤትሽስ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትለቅሽ አላውቅም። አላህ ያግራው። አብሽሪ፣ አናቻኩልሽም።

አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ። ሰዓዳ ለገበያ ከውጫሌ በመጣች ቁጥር ክፍልሽን ሳትጠርግ አትመለስም። ማንም ያልኖረበትን ወለል። በመስኮቱ ነው የምትገባው፤ ሀሚዱ ከውጭ ይገፋል፣ እኔ ከውስጥ እስባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግማሿ ገብቶ ግማሿ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ተቸግረን ነበር።

ቶሎ ነይ። ሰዓዳ እየወፈረች ነው።

በዱዓሽ አትርሺን፤ እኛም አንረሳሽም።

ወንድምሽ ማህዲ አብዱልጀባር
ከሐይቅ